የሐረር አካዳሚ ሟች የኮርስ ጓደኞቻችን፦ ከምረቃ በኋላ የት ዋሉ?

ደንገጎ፦

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ክር የከፈትኩት ሐረር አካዳሚ አብረውን ተምረው ላለፉት ጓደኞቻችን ነው። የኛን ኮርስ ስም ዝርዝር በደብተር ይዤዋለሁ። በሕይወት ያለነው ተሰብስበን አንድ የካፌ ጠረጴዛ አንሞላም። የሌሎቹ ስም አለ፣ የትውልድ አገር አለ፣ የመጨረሻ ማዕረግ አለ። መሃሉ ክፍት ነው።

ለቅሶ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ታውቁታላችሁ። ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ብሎ ይጀምራል። የተማሩበት ትምህርት ቤት ይጠራል። ሐረር ገብተው በምክትል መቶ አለቃ ማዕረግ ተመረቁ ይባላል። ከዚያ ያቺ የተለመደችው ትመጣለች፦ "በተለያዩ የጦር ክፍሎችና የኃላፊነት ቦታዎች አገራቸውን በታማኝነት አገልግለዋል።" ወዲያው የልጆችና የልጅ ልጆች ቁጥር። ኦጋዴን፣ ናቅፋ፣ እስር ቤት፣ ተሃድሶ ካምፕ፣ ስደት፣ ሁሉም በአንዲት መስመር ታለፈ። ለቀስተኛው ፀሐይ ላይ ቆሟል፣ ቄሱም ይቸኩላሉ፣ ይገባኛል። እዚህ ግን የሚያጣድፈን የለም።

ለወጣቶቹ ባጭሩ። አካዳሚው የተከፈተው በ1950 ዓ.ም. ገደማ ነው። መጀመሪያ አዛዡም አስተማሪዎቹም ህንዶች ነበሩ። ትምህርቱ ሦስት ዓመት ነው፣ ቀለሙም ውትድርናውም አብሮ ይሄዳል። ጎበዝ የተባለ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ እየተመረጠ ይመጣ ነበር። እስከ ድሬዳዋ በባቡር፣ ከዚያ በካሚዮን የደንገጎን ዳገት ሽቅብ። ህንዶቹ ሰልፍና ጫማ መወልወል ብቻ አይደለም ያስተማሩን፤ ሹካና ቢላ አያያዝም ጭምር እንጂ። በሜስ፣ በመኮንኖች መመገቢያው፣ እራት ላይ ሾርባውን ፉት ሲል የተሰማ እጩ መኮንን በማግስቱ ሜዳውን ሲዞር ይውል ነበር። ሁሉም ያበቃው የሶማሊያ ጦር በመጣበት ሰሞን ነው።

እስቲ እኔ ልጀምር። የኮርሳችን የካርታ ሊቅ የጅማ ልጅ ነበር። ቤተሰቡ ሲፈቅድልኝ ስሙን እጽፋለሁ። መድፈኛ ሆነ። በካራማራ፣ የካቲት 1970፣ የባትሪ፣ ማለትም የአንድ መድፍ ክፍል፣ አዛዥ ነበር። ሰው ጀግንነቱን ያወራል። እኔ የማስታውሰው እርሳሶቹን ነው። አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ በምላጭ የተቀረጹ፣ ደረት ኪሱ ውስጥ። ሬዲዮው ላይ እግረኛው "ቶሎ በል፣ አለቅን!" እያለ ሲጮህ እሱ "ቆይ ላስላው" ይላል። ያሰላል። ከዚያ አይስትም።

ቀጥሎ ሰሜን ዘመተ። በ1981ዱ መፈንቅለ መንግሥት እጁ የለበትም፤ ከታሰሩት ጋር አብሮ ምሳ ይበላ ስለነበር ብቻ ታሰረ። ተፈታ። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ተሃድሶ ገባ። ከዚያ አንድ የግል ትምህርት ቤት ሒሳብ ማስተማር ያዘ። በ1990 ባድመ ላይ ጦርነቱ ሲነሳ "ና" ተባለ። አላንገራገረም ብል ውሸት ነው። በጣም አንገራግሯል፣ ሰድቧል፣ ከዚያ ሄደ። ለወጣት መድፈኞች ስሌት አስተማረ። ሲያበቃ ተመልሶ ጠመኔውን ያዘ። በስኳር በሽታ ሞተ። ለቅሶው ላይ የተነበበው ያው "በተለያዩ የኃላፊነት ቦታዎች" ነው።

የምታውቁትን ጨምሩ።

የቨርጂኒያው፦

አንተ ነህ አይደል? "ቆይ ላስላው" የምትለዋን ሳይ አወቅሁህ። ሾርባውን ፉት ብለው ሜዳ ከዞሩት አንዱ አንተ ነህ፣ ምን ታድበሰብሳለህ!

ከዚህ ማዶ አንድ ልጨምር። እግረኛው፣ ፎርት ቤኒንግ ለትምህርት የመጣው። ህዳር 1967 ስልሳዎቹ ባለሥልጣናት ሲረሸኑ ዜናውን የሰማው እዚሁ አሜሪካ ሆኖ ነው። ጄኔራል አማን አንዶምም ቤታቸው ውስጥ ተገደሉ ሲባል፣ ለመመለስ የሸከፈውን ሻንጣ መልሶ ፈታው። እኔ በኋላ በሱዳን በኩል መጥቼ ሳገኘው ዲሲ መሃል፣ ከመሬት በታች ያለ ፓርኪንግ ይሠራ ነበር። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ መኪኖቹን ሰልፍ ነበር የሚያስገባቸው። አንዱም አፍንጫውን ከመስመር አያወጣም። አለቃው አይቶ ኃላፊ አደረገው። እዚያው ሸበተ፣ ልጆቹን ዩኒቨርሲቲ አስገባ። "ከአንተ ማዕረግ ፓርኪንግ?" ለሚለው ሁሉ መልሱ አንድ ነበር፦ "እዚህ ማንም አይረሽነኝም።"

ለቅሶው ላይ ግን ጉድ ፈላ። ሳጥኑ ላይ አንበሳ ያለበት ባንዲራ ይሁን፣ ልሙጡ ይሁን፣ ኮከብ ያለው ይሁን ተብሎ ቤተክርስቲያኑ በር ላይ ክርክር ተነሳ። ያውም ሬሳው መኪና ውስጥ እያለ። ባለቤቱ መጣችና "እሱ ቃል የገባው በአንበሳው ፊት ነው፣ እሱኑ አልብሱት" ብላ ዘጋችው። ኮሎኔሉም ሻምበሉም ጭጭ ብሎ ታዘዘ።

የገነት ልጅ፦

ሐረሮች ስለ ሹካና ቢላ እስክታነሱ ድረስ ዝም ብዬ ነበር። እኛ ሆለታዎች፣ የገነት ጦር ትምህርት ቤት ልጆች፣ በእጃችን እየበላን ነው የተዋጋነው። ብዙዎቻችን ከተራ ወታደርነት ተመርጠን ስለገባን የሜስ ወግ አናውቅም፤ ምሽግ ግን እናውቃለን። አትቀየሙኝ፣ የድሮ ቀልዳችን ነው።

ስለ ሟች ኮርስ ከተነሳ ግን ወረፋው የሆለታ ነው። ሆለታ ገነት በ1927 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ካፒቴን ታም የሚባለው ስዊድናዊ ይመራው ነበር። ልጆቹ ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ጣሊያን መጣ። በ1928 ጣርማበር ላይ ሊመክቱ ወጡ። ጃንሆይ ከአገር ሲወጡ ብዙዎቹ ነቀምቴ ላይ ከጥቁር አንበሳ ማኅበር ጋር ሆኑ። ሊቀመንበሩ የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ። በታህሳስ 1929 ከራስ እምሩ ጋር ጎጀብ ወንዝ ላይ ተከበቡ፣ እጅ ሰጡ። የካቲት 12 ሲመጣ የተማረ ሁሉ እየተለቀመ ሲገደል ከእነሱም ብዙው አለቀ። የሕይወት ታሪክ የሚያነብላቸው ቀርቶ መቃብራቸው የሚታወቀው ስንቶቹ ናቸው?

ከዚያ ትውልድ ተርፈው ትልቅ ማዕረግ ከደረሱት አንዱ ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ ናቸው። ጣሊያን ያልገደላቸውን ሰው በታህሳስ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ የገዛ አገራቸው መኮንኖች ገደሏቸው። ደንገጎ፣ መሃሉ ክፍት ነው ያልከው እኛ ቤት ከጥንትም ክፍት ነው።

የኮሎኔሉ ልጅ፦

ጋሼ ደንገጎ፣ እንደምን አሉ? የሰው ጨዋታ መሃል ገባሁ። አባቴ ሐረር ነው የተማረው። መድፈኛ ነበር። መጋቢት 1980 በኤርትራ ግንባር፣ አፋቤት ላይ ቀረ። እኔ ገና ትምህርት ቤት መግባቴ ነበር።

"የደረሱበት አልታወቀም" የሚል ደብዳቤ ደረሰን። ስለዚህ ለቅሶ አልተቀመጥንም። እማዬ "ጥቁር ከለበስኩ እኔ ገደልኩት ማለት ነው" እያለች ስንት ዓመት ቆየች። ጎረቤት "እርምሽን አውጪ" ሲላት ትቆጣ ነበር። የተነበበ የሕይወት ታሪክ የለንም፣ ያቺ እናንተ የምትሳለቁባት መስመር እንኳ።

ያለን አንድ ፎቶ ነው። ነጭ ኮት የለበሱ ልጆች ረጅም ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ላይ ጢም እንኳ የለም። ከጀርባው በእርሳስ ስም ተጽፏል፣ ግን ሁሉም ቅጽል ስም ነው፦ "ቀጭኔ"፣ "አባ ጸሎት"፣ "ጥያቄ አለኝ"፣ "ድሬ"። አባቴ ከግራ ሁለተኛው ነው፣ "ጥያቄ አለኝ" የተባለው። ከእነዚህ ሰዎች በሕይወት ያለ ይኖር ይሆን? የእማዬ የጡረታ ፋይል አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ "ማስረጃ ይቅረብ" እንደተባለ ነው። እሷም አርጅታለች።

ደንገጎ፦

ልጄ፣ ሳቄንም እንባዬንም አመጣሽው። "ጥያቄ አለኝ" የኛው ነው። ህንዱ ሻለቃ ትምህርቱን ጨርሶ "ጥያቄ ያለው?" ሲል እኛ ለምሳ ጫማችንን እያጠበቅን ነው፤ አባትሽ እጁን ያወጣል። ሁልጊዜ። አንድ ቀን ሻለቃው ራሱ "ዛሬስ ርቦኛል" ብሎት ወጣ።

"አባ ጸሎት" ሐምሌ 1969 ጎዴ ላይ አለፈ። "ድሬ" ካናዳ ነበር፣ እሱም አርፏል። "ቀጭኔ" አለ፣ ጆሮው ብቻ ነው የደከመው። ፎቶውን በውስጥ ላኪልኝ፣ እወስድለታለሁ። አፋቤት የነበራችሁ መድፈኞች፣ አንብባችሁ አትለፉ።

ያልተዘጋ ፋይል፦

ሁሉም አማረ። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እያላችሁ ሁሉን ቅዱስ ልታደርጉት ነው?

የኔም አባት ሐረር ነው የተማረው። በ1969 ከቢሮው ተወሰደ፣ አልተመለሰም። የወሰደው ሰው የኮርስ ጓደኛው ነው። የአባቴና የእናቴ ሠርግ ላይ ሚዜ የነበረ፣ እኔን ክርስትና ሊያነሳ ታስቦ የነበረ ሰው። እናቴ በሩ ላይ እግሩ ሥር ወድቃ ለምናዋለች። ሰውየው በቅርቡ አዲስ አበባ አረፈ። ሩኅሩኅ አባት፣ አገር ወዳድ መኮንን ተብሎ ተነበበለት። ለልጆቹ ሩኅሩኅ ነበር ይሆናል፣ አልከራከርም። ደንገጎ፣ ደብተርህ ላይ እሱና አባቴ በፊደል ተራ ጎን ለጎን ናቸው። ወይ ማን ማንን ምን እንዳደረገ ይጻፍ፣ ወይ የአባቴን ስም አውጣልኝ።

የቨርጂኒያው፦

ወንድሜ፣ ሀዘንህ ሀዘናችን ነው። ግን የሞተ ሰው መልስ አይሰጥም። ፍርድ ቤት ያልፈረደውን እኛ በስልካችን እንፍረድ? ልጆቹም እኮ ያነባሉ።

ያልተዘጋ ፋይል፦

የኔም ልጆች ያነባሉ፣ ጋሼ።

አወያይ፦

በክሱ ጉዳይ ስም እንዳይጠቀስ። እስካሁን ስላልጠቀሳችሁ አመሰግናለሁ። ይቀጥል።

ተራ ወታደር፦

እኔ መኮንን አይደለሁም፣ አሥር አለቃ ነኝ። ስለ ኮርስ ጓደኛ ስታወሩ እቀናለሁ። እኛ ታጠቅ ሰፈር አብረን ከሠለጠንነው ስንቱ እንዳለቀ ደብተር የያዘልን የለም።

አንድ ሐረር የተማረ ሻምበል ግን ልጻፍላችሁ። ናቅፋ ግንባር ውሃ በበቅሎ ነበር የሚመጣልን። መጀመሪያ ወታደሩ ይቀዳ፣ ቀጥሎ ማዕረግተኛው፣ እሱ መጨረሻ። በርሜሉ ሲያልቅ "ጠጥቻለሁ" ይላል። ከንፈሩ እንደተሰነጠቀ እናየዋለን፣ ማን ደፍሮ ይናገረዋል? ቁጡም ነበር። አንዴ በጥፊ መቶኛል፣ አልረሳሁለትም። ሁለቱንም ጻፉለት።

ደንገጎ፦

አሥር አለቃ፣ ሁለቱንም ጽፌያለሁ።

ለ"ያልተዘጋ ፋይል" መልሴ ይኸው። ደርግ በሰኔ 1966 ሲቋቋም ከሻለቃ በላይ ማዕረግ ያለው አልተወከለበትም። ወደ 120 የሚሆኑት አባላት ከየጦር ክፍሉ የመጡ ነበሩ። ስለዚህ ያሠረው ሲኒየሩን ነው፣ የታሰረው ጁኒየሩ እጅ ላይ ነው። ይህ ያልነካው ኮርስ የለም። ከዚያም በኋላ አላቆመም። ግንቦት 8 ቀን 1981 በመፈንቅለ መንግሥቱ ሙከራ ጄኔራል መርዕድ ንጉሤና ጄኔራል አምሃ ደስታ መከላከያ ሚኒስቴር ውስጥ ሞቱ። ጄኔራል ደምሴ ቡልቶ አሥመራ ላይ ተገደሉ። በዓመቱ፣ ግንቦት 1982፣ 12 ጄኔራሎች ተረሸኑ። የፈረደው መኮንን ነው፣ በር ላይ የቆመውም መኮንን ነው። ይህን ነጥሎ የጓደኞቼን ታሪክ ልጻፍ ብል ያው የቄሱን ወረቀት መገልበጥ ነው።

ስለዚህ የዓይን ምስክር ወይም ሰነድ ያለው ይጻፋል። "ሲባል ሰምቻለሁ" አይገባም። የሟች ቤተሰብ መልስ ካለው እዚያው ሥር ይገባል። የአባትህን ስም አላወጣም። የዚያንም ሰውዬ አላወጣም። እናትህ ያዩትን በሳቸው አነጋገር ጻፍልኝ፣ አላርመውም። ቨርጂኒያ፣ እንደማትስማማ አውቃለሁ፣ ደውልልኝና እንከራከር።

ከአሥመራ የመጣ፦

ይህን ብጽፍ ደስ የማይለው ይኖራል። አጎቴ ሐረር አካዳሚ ተምሮ በምክትል መቶ አለቃነት ተመርቋል። በ1967 ሠራዊቱን ጥሎ ለኤርትራ ነፃነት ሊዋጋ ሜዳ ገባ። አሥመራ ላይ ሲያርፍ የተነበበው ታሪኩ የሚጀምረው ከዚያ ዓመት ነው። እናንተ ጋ የሚዘለለው ከምረቃ በኋላ ያለው ነው፤ እኛ ጋ ደግሞ የተዘለለው ሐረር ነው። ያኔ ያገኛቸው ጓደኞች፣ የተማረው ሁሉ፣ እንዳልነበረ።

ቤት ውስጥ ግን ይታወቅበት ነበር። ሱሪውን ማታ ማታ ፍራሽ ሥር ዘርግቶ ነው የሚተኛው፣ ጠዋት መስመሩ ወረቀት ይቆርጣል። ብርድ ልብሱ ላይ አንዲት እጥፋት አይታይም። ሾርባ ሲበላም ድምፅ የለውም፣ አሁን ምክንያቱን አወቅሁ። ካልጠየቁት ስለ ጦርነቱ አያወራም። አንዴ ብቻ፣ አፋቤትን ሲያነሳ፣ "ከማዶ የሚተኩሰው ባትሪ አተኳኮሱ የኛ ትምህርት ቤት ነበር" አለኝ። ጨምሮ አልተናገረም፣ እኔም አልጠየቅሁም። እሱንም ደብተርዎ ላይ ያስገቡልኛል?

ደንገጎ፦

ድሮም አለ። ከአጠገቡ ያለው ቦታ ነው ባዶ የነበረው።

ቀይ ባሕር፦

የባሕር ኃይል ነኝ፤ ኖርዌጆች ያሠለጠኑን። እንግድነቴን ፍቀዱልኝ።

ምጽዋ ሲነሳ ሁሉም የሚያነሳው ብርጋዴር ጄኔራል ተሾመ ተሰማን ነው፣ ይገባቸዋል። እኔ የማነሳው የኮርስ ጓደኛዬን፣ የማሽን ክፍል መኮንኑን ነው። የመርከብ ሆድ ውስጥ የሚሠራ ሰው ጦርነቱን አያይም፣ ይሰማዋል እንጂ። ሙቀቱ ጫማህን ያቀልጣል። እሱ ሞተሩን በእጁ መዳፍ ይዳስስና "ይሄኛው ታሟል" ይላል። ምጽዋ በየካቲት 1982 ከወደቀች በኋላም ሠራ። በግንቦት 1983 መርከቦቹ ወደ የመን ሲሻገሩ ያቺን አሮጌ ሞተር እየለመነ ያደረሳት እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ባሕር ኃይል የለም። በ1988 ጨርሶ ፈረሰ። እሱ ሆዴይዳ ቀረ፤ የዓሣ አጥማጆችን ጀልባ ሞተር እየጠገነ ኖረ። የመናውያኑ "መሐንዲሱ" ነበር የሚሉት። እዚያው ተቀበረ። አሁን የባሕር ኃይሉ እንደገና ተቋቁሟል ሲባል መጀመሪያ ትዝ ያለኝ እሱ ነው። ወጣቶቹ ሞተር ላይ እጃቸውን አስቀምጠው እንዲያዳምጡ ማን ይነግራቸዋል?

የመስከረም ልጅ፦

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እኔ ወጣት ነኝ፣ ግማሹን ስም አላውቀውም። ግን ለምን በድምፅ አትቀርጹትም? ስልክ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ማውራት ነው። ደብተር ይጠፋል።

ተራ ወታደር፦

ልጁ እውነቱን ነው። እኔ ደግሞ ከመጻፍ ማውራት ይቀናኛል።

አሮጌ መድፈኛ፦

የኮሎኔሉ ልጅ፣ አባትሽን አውቃቸዋለሁ። አፋቤት በነበረው ናደው ዕዝ ውስጥ በእሳቸው ሥር መቶ አለቃ ነበርኩ። ከሐረር አይደለሁም፣ ከሆለታ ነኝ።

የዕዙ አዛዥ ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ የካቲት ውስጥ ተረሽነው የሠራዊቱ ሞራል ወድቆ ነበር። የሻዕቢያ ማጥቃት በወሩ መጣ። ማፈግፈግ ተጀመረ። አድሽሩም መተላለፊያ ላይ የፊተኛው ታንክ ሲመታ መንገዱ ተዘጋ፣ ከኋላ ያለው ሁሉ ቆመ። ከዚያ የራሳችን አውሮፕላኖች መጥተው፣ መሣሪያው ለጠላት እንዳይውል፣ የቆመውን መቱት። ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል፣ ያየው ግን ማውራት አይወድም።

አባትሽ ከዚያ በፊት የመድፎቹን መዝጊያ አስወልቀው እንድንበትን አዘዙን። አንዱን እኔ ነኝ ገደል የጣልኩት። "ተሸከርካሪ ተዉ፣ በእግር ውጡ" አሉን። እኛ በሸንተረሩ ስንወጣ እሳቸው የቆሰለ ሬዲዮ ሠራተኛ ነበራቸውና ወደ እሱ ተመለሱ። ካርታ መያዣ ቦርሳቸውን ለኔ ሰጡኝ። ከዚያ አላየኋቸውም። ሲሞቱ አየሁ ብልሽ እዋሻለሁ። ቦርሳውም ከረን ሳንደርስ ጠፋብኝ።

የኮሎኔሉ ልጅ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለእማዬ አነበብኩላት። "ሬዲዮ ሠራተኛውስ ተረፈ?" አለችኝ፣ ከሁሉ አስቀድማ። ጋሼ፣ ለፋይሉ ይህንኑ በጽሑፍ ይመሰክሩልኛል?

አሮጌ መድፈኛ፦

ልጁ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ልጄ። አባትሽ እዚያ ቦታ፣ በዚያ ቀን፣ ግዳጅ ላይ እንደነበሩ ግን ማዕረጌንና ፊርማዬን አድርጌ እጽፋለሁ። የኔ ብቻ አይበቃም ይሉሻል፣ ተጨማሪ ምስክር ይጠይቁሻል። ያን ቀን በሸንተረሩ ከወጣነው አንዱ ደብረ ብርሃን እንዳለ ሰምቻለሁ፣ አድራሻውን እያፈላለግሁ ነው። ሌሎቻችሁ ናደው የነበራችሁ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ዕዙንና የነበራችሁበትን ክፍል ጥቀሱ፣ ስልካችሁን እዚህ አደባባይ ላይ አታስቀምጡ።